የቀኑን ርዝመት የምትለካው እህቴ

እህቴ ሰዎች ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት «ፍሪጅ እጠግናለሁ» ብላ ታልፋለች። ውሸቷን አይደለም። ሙያ ትምህርት ቤት የተማረችው ማቀዝቀዣ ነው፤ መጀመሪያ የተቀጠረችበትም የሥጋ መጋዘን ነበር። አሁን የምትጠብቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ሥጋም ወተትም የለም። አስፋልቱ አልቆ የጠጠሩ መንገድ ኮረብቶቹ መሃል ሲገባ፣ ፎቅ የሚያክል ነጭ ዲሽ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ይታያል። በዲሹ ጉሮሮ ላይ ከሰማይ የሚመጣ በጣም ደካማ ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ ተቀምጧል። መሣሪያው በብርድ ካልተያዘ የራሱ ሙቀት ይጮህበትና የሰማዩን አይሰማም። ያንን ብርድ ሌት ተቀን መጠበቅ ነው የእሷ ሥራ።

እታለም ነው የምላት። አባታችን እኔ ሳልወለድ ሞተ፤ እናታችን ልብስ ማጠቢያ ቤት ውላ ማታ ነበር የምትመጣው። ስለዚህ እኔን ያሳደገችኝ የእታለም ጀርባ ነው። አንድ ጊዜ የምታስቀምጠኝ ቦታ አጥታ አዝላኝ ፈተና ልትፈተን ሄዳ፣ ከበር እንደተመለሰች እናታችን እየሳቀች ታወራ ነበር። እታለም ግን በዚያ ታሪክ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ወደ ዲሹ ጣቢያ የሄደችው ሌላ የሚሄድ ስለጠፋ ነው። ቦታው ከሰው የራቀ ነው፤ መራቁም የግድ ነው። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ማይክሮዌቭ፣ የሚያበራ የልጅ መጫወቻ ሳይቀር ለዲሹ ጩኸት ነው። ብልጭታ የሚያወጣ ካንዴላ ያለው ሞተር እንኳ አጠገቡ አይደርስም፤ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ናፍጣ በመሆኑ ብቻ እስከ በሩ ይፈቀድለታል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። እንግዳ ሲመጣ የብረት ሳጥን ይዘው ይቀበላሉ።

«ስልክሽን እዚህ ውስጥ» አሉኝ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን። «ምላስሽን ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። እሱ እስካሁን ዲሹን አልረበሸም፤ የረበሸው እኔን ነው።»

የእሷ ክፍል ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ቁጭ በል የምትለው ሰው ስለሌለ ሁለተኛ ወንበር አላስፈለጋትም። እኔ ስሄድ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ወንበሩን ትታ በቁሟ ትበላለች። ለምዶባት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ብርዱን የሚሠራው ኮምፕሬሰር ጭፍ ጭፍ ይላል። በመሃል ወሬ አቋርጣ ጆሮዋን ታዘነብላለች፤ «ሳል ይዞታል» ትልና ተነስታ ትሄዳለች። ስትመለስ የጀመርነውን ወሬ ረስታዋለች።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር ካልገባው እስኪገባው ነው የሚጨቀጭቀው። እኔ እርጉዝ ሆኜ ሆዴ መግፋት በጀመረ ሰሞን እታለም ለእሁድ ቤታችን መጣች። ምሳ በልተን ስንጨርስ በጥያቄ ያዛት።

«የቀን ርዝመት ምኑ ይለካል? ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ አለቀ» አላት።

«አላለቀም። አንዱ ቀን ከሌላው አይገጥምም።»

«አንዳንዱ ወር ይረዝማል፣ አንዳንዱ ያጥራል፤ ይሄንን ለማወቅ ዲሽ አያስፈልግም።»

«እሱ ብርሃኑ ነው። እኔ የምልህ ሙሉውን ዙር ነው። ምድር ራሷን አንዴ ዞራ ለመጨረስ የምትወስደው ጊዜ። አንዳንዴ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ ትፈጥናለች።»

«በስንት?»

«ዓይንህን ጨፍነህ የምትገልጥባት ቅጽበት እንኳ ከእሷ ትበልጣለች።»

«ለዚች ብለው ነው አንቺን ኮረብታ መሃል የጣሉሽ?»

«ለዚች ነው። ስልክህ መንገድ የሚያሳይህ በሳተላይት ነው። ምድር ምን ያህል እንደዞረች በትክክል ካልታወቀ ሳተላይቱ አንተን ከነተሳፋሪህ ወንዝ ውስጥ ይከትሃል።»

«እኔ መስመሬን በቃሌ ነው የማውቀው» አለ ኮራ ብሎ። እታለም ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። የምሠራው ስፌት ነው፤ መኪናዬ በእግር የሚረገጠው የድሮው ዓይነት ነው፤ ከምግብ ጠረጴዛችን አይርቅም።

«እስቲ ርገጪው» አለችኝ።

ረገጥኩት። መንኮራኩሩ መዞር ጀመረ። እታለም መዳፏን በስሱ አሳረፈችበት፤ ሳይቆም ግን ከበደኝ።

«ይሄ ጨረቃ ነው» አለች። «ጨረቃ ባሕሩን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ውሃው ሲነሳና ሲወርድ ከባሕሩ ወለል ጋር ይፋተጋል። እንደ መዳፌ ነው። ፍሬኑ በጣም ቀስ ያለ ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚታይ አይደለም። ግን ከድሮ ከድሮው ብታስቢው፣ ሰው ገና ሳይኖር ቀኑ ከአሁኑ በጣም ያጥር ነበር።»

«ጨረቃ ፍሬን ከሆነች ምድር መዝገም እንጂ ለምን ትፈጥናለች?» አለ ባለቤቴ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር እሱም ገርሞት ዙሪያውን አየ።

«ጨረቃ ብቻ ስላልሆነች። ነፋስ አለ። ነፋስና ምድር እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ያላቸው ሩጫ የጋራ ነው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲበረታ ምድር ከራሷ ቀንሳ ነው የምትሰጠው። ነፋሱ ሲደክም መልሳ ትወስዳለች። በረዶም አለ። ምድር ጫፏና ጫፏ ላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ወገቧ ይሄዳል። ወገቧ ሲወፍር ትዘገያለች።»

ባለቤቴ ሆዴን አየት አደረገና «ይሄንን እንኳ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ።

የተረፈ ጨርቅ ጠቅልዬ ወረወርኩበት።

«ከዚያ ደግሞ» አለች እታለም ሳቃችን ሲያልቅ፣ «ውስጧ የቀለጠ ብረት አለ። እሱ ምን እንደሚያስብ በደንብ የሚያውቅ የለም። ማንም ሳይጠብቃት ምድር የምትፈጥንባቸው ዓመታት አሉ። ለዚህ ነው መገመት የማይበቃው። በየቀኑ መለካት አለባት።»

የሚለካው ደግሞ በሁለት ነው። ብቻውን የቆመ ዲሽ ምንም አያውቅም። ከባሕር ማዶ፣ ስሙን እንኳ በደንብ መጥራት በማልችለው አገር፣ ሌላ ዲሽ አለ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ኮከብ ይዞራሉ። (እታለም «ኮከብ አይደለም፣ ከኮከቦቹ ሁሉ በስተኋላ ያለ የሩቅ ሩቅ ነው» ትላለች፤ እኔ ኮከብ ብዬው ልለፍ።) ድምፁ ለአንዱ ቀድሞ፣ ለሌላው ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል። በዚያች መዘግየት ነው ምድር ምን ያህል እንደዞረች የሚታወቀው። አንዱ ከተኛ የሌላው ድካም ከንቱ ነው።

ከማዶ ካለው ሰው ጋር በኮምፒውተር አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። «ዝግጁ።» «ኮከቡ ላይ ነኝ።» «ነፋስ በዝቷል፣ አቁሜያለሁ።» በቃ ይሄው ነው። ደህና አደርክ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ። ለዓመታት እንዲህ ሲሠሩ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ የማዶው ዲሽ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ያን ሰሞን ሆድ ብሷት አገኘኋት። ምን ሆነሽ ስላት «ምንም፤ ዝግጁ የሚለኝ ሰው የለም» አለችኝ። ለቀልድ ብላ ነበር፤ አፏ ላይ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረላትም።

እናታችን የሞተችው እኔ የመጨረሻውን ክፍል ስማር ነው። ማጠቢያ ቤት፣ እንፋሎቱ ክፍል ውስጥ እንዳለች ወደቀች። ጎረቤት በጣቢያው በር ወዳለው የሽቦ ስልክ ደወለ። ዘበኛው እናቷ ታማለች የሚለውን ቃል ይዘው ሄደው የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መስኮት አንኳኩ። እታለም ልኬት ላይ ነበረች፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሰሌዳ ሳትነቅል መዳፏን አነሳች። ቆዩኝ ማለቷ ነው። እሳቸው ሥራ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ቆዩ። መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ልኬቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። እሷ ስትደርስ እኛ ከቀብር ተመልሰን፣ ሰው ወንበር እያነሳ ነበር። በር ላይ ቆማ ወንበሮቹን አየች። አላለቀሰችም። «መዳፌን አነሳሁ» ብቻ አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዘበኛውን አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም። እሳቸውም ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ስለዚህ እኔ ሳረግዝ ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ በአፍ አልተናገርነውም እንጂ። ምጤ መጥቶ እሷ መስኮት ውስጥ እንዳትሆን። እኔ ሌላ አልፈለግሁም። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ደም ሲያይ ራሱን ይስታል። እናት የለኝም። የምፈልገው የእታለምን እጅ ነበር። እሷም የመውለጃዬን ወር ቆጥራ ፈቃድ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። የጣቢያው ኃላፊ ተተኪ እስኪመጣ አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ እንዲሸፍንላት ተስማምቷል። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ልጄ ግን የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም።

ገና ፈቃዱ ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት ቀሚስ እየሰፋሁ ክሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ራሴን ይወቅረኛል። እጄን ሳየው ጣቶቼ አብጠዋል። ጎረቤት ባለቤቴን ከመስመሩ አስጠራው። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ የደም ግፊት መለኪያውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ልጁ በኦፕራሲዮን ዛሬውኑ መውጣት አለበት አለ። ለባለቤቴ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደውልላት።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው፤ እሷ እንዲህ ዓይነት ነገር አታወራም።

ልኬቱ ተጀምሯል። ባልደረባዋ መለዋወጫ ሊያመጣ ከተማ ወርዷል። ኮምፕሬሰሩ ከማለዳ ጀምሮ እየደከመባት፣ እሷ አጠገቡ ሆና በእጇ እያባበለች ነው ያቆየችው። ለቃው ብትሄድ መሣሪያው ይሞቃል፤ የዕለቱ ልኬትም ይበላሻል። የማዶውም አብሮ። ዘበኛው መስኮቱን አንኳኩ። እሷ መዳፏን አነሳች።

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ድንጋዩ ላይ አልተቀመጡም። ጫማቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ ማንም የማይገባበትን በር ከፍተው ገቡ።

«አባባ፣ ልኬት ላይ ነኝ» አለች ሳትዞር።

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ።»

«አልቆይም። አንቺ እጅሽን ካነሳሽ እኔም አነሳለሁ፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ተፋጠን እንውላለን። እህትሽ ሆስፒታል ገብታለች። ልጁን ዛሬ ሊያወጡት ነው።»

ያኔ ዘወር አለች ይላሉ። ቆማ ኮምፕሬሰሩን አየች። እሳቸውን አየች። እጇ ላይ ያለውን መፍቻ የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት።

«እኔ ልያዝልሽ» አሏት።

«አይችሉም አባባ።»

«እንደማልችል አውቃለሁ። መፍቻውን ማለቴ ነው።»

መፍቻውን ሰጠቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣ ለማዶው ጻፈች፤ ልኬቱን አቋርጣለሁ፣ እህቴ ልትወልድ ነው፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እናት የላትም። ለዓመታት ከሦስት ቃል ያልበለጠ ነገር ጽፋለት ለማታውቀው ሰው ይሄን ሁሉ። መልሱ ወዲያው አልመጣም። እሷም ቆማ ጠበቀች፤ ዘበኛው «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ፈቃድ ነው?» ብለው ሊቆጡ ሲሉ ሰሌዳው ላይ ብቅ አለ፤ «እስከ ዛሬ ወንድ ትመስይኝ ነበር። ሂጂ።»

ውሃ ሊያራግፍ የመጣው ቦቴ በር ላይ ነበር። ሾፌሩ ገና ግማሹን ሳያወርድ ዘበኛው ከነውሃው አዞሩት።

እኔ በዚያን ሰዓት በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆኜ ኮሪደሩ ላይ ቀርቻለሁ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሌላ ሰው ስለነበረበት ተራ እየጠበቅን ነው። ጣራው ላይ አንድ አምፖል ይርገበገባል። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ደም ገና ሳያይ። ነርሷ አለፍ ገደም እያለች ግፊቴን ትለካለች። ሰው ሞልቶ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ቀን የለም። እናታችንን አሰብኳት። እሷም እንፋሎቱ መሃል እንዲህ ጣራ እያየች ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ማሰብ አልነበረብኝም።

ከኮሪደሩ ጫፍ የነርሷ ድምፅ ተሰማኝ።

«እርስዎ እንዲህ ሆነው መግባት አይችሉም። እጅዎን አይተውታል?»

«እታጠባለሁ።»

«ዘመድ ተራ በተራ ነው። ለመሆኑ ምኗ ነዎት?»

እኔ ከተኛሁበት ላያት ስለማልችል ድምፅዋን ብቻ ነው የሰማሁት።

«እናቷ ነኝ» አለች።

ነርሷ ዕድሜዋን አይታ ሳታምን አልቀረችም፤ ግን የመታጠቢያውን ቧንቧ አሳየቻት። እጇ ታጥቦም ጥፍሯ ሥር ግራሶው ነበረ። ያንን እጅ ይዤ ገባሁ። እስከ በሩ ብቻ ነው የፈቀዱላት፤ በሩ ሲዘጋ ጣቶቿ ከጣቶቼ ሲወጡ ተሰማኝ። ስነቃም እዚያው ነበረች፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዛ፣ ወንበር ተቀምጣ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳያት ከሁሉ እሱ ገረመኝ።

«ሴት ናት» አለችኝ። «ትንሽ ናት፣ ግን ትጮሃለች።»

«ልኬቱስ?»

«ተበላሸ።»

«የዛሬው ቀን ታዲያ ርዝመቱ ሳይታወቅ ቀረ?»

«ከትናንትናውና ከነገው ተነስተው ይገምቱታል። የኛ የሁለቱ ዲሾች ቁጥር ግን የለበትም።»

«በጣም ረጅም ነበር በያቸው።»

«ወላድ ሁሉ እንዲያ ነው የምትለው» አለች። ከዚያ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

ኃላፊው አልማራትም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ፈቃዷንም አሳጠረው። በዚያች አጭር ፈቃድ ቤታችን ከርማ የልጅቷን ጨርቅ አጠበች፣ የበሩን ማጠፊያ ቀባች፣ ፍሪጃችንን ሳይበላሽ ፈታ ገጠመችው። እኔ ተስፋ አድርጌ ለመንኳት። እዚሁ ከተማ ውስጥ የሥጋ መጋዘን አለ፣ ሰው ይፈልጋሉ፣ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ክፍሉን ባለቤቴ በመጋረጃ ይከፍለዋል አልኳት። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «የማዶው ሰው ብቻውን ይቀራል» አለችኝ። ሌላ ሰው ይቀጥሩለታል ስላት «ይቀጥሩለታል» ብላ ተስማማች፤ ልብሷን ማጠፍ ግን አላቆመችም።

ተቆጣሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ሳስበው፣ ሰው የለመደውን ጭርታ ከላዩ ገፍፈህ ልትጥለው አትችልም። እኔ ደግሞ ያልሆነ ነገር ላይ ቆሜ ማልቀስ አልወድም፤ የሚሆነውን እፈልጋለሁ። ስለዚህ በሄደች በሳምንቱ ልጄን አዝዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ስልክ ዲሹን ይረብሻል ካላችሁ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛዋ በብረት ቧንቧ ውስጥ ሽቦ ይቀበርላት አልኩት። መደበኛ ስልክ በሽቦ ነው የሚሄደው፤ ቧንቧው ደግሞ ጩኸቱን ያፍነዋል፤ ይሄን እሷው ናት የነገረችኝ፣ ለራሷ መጠየቅ ግን አፍራ ነው። ሰውየው በጀት የለም አለ። ልጄ በዚያው ቅጽበት ቀወጠችው፤ ዝም ላሰኛት ብዙም አልተቸኮልኩም። በመጨረሻ ሽቦው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ጉድጓዱን የሚቆፍር ካገኛችሁ ብሎ ለቀቀን።

ጉድጓዱን የቆፈሩት ዘበኛው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በጠጠር መሬት፣ ከበሩ ተነስተው እስከዚያች መስኮት ሥር። ባልደረባዋ ሊያግዛቸው አካፋ ይዞ ቢመጣ እምቢ አሉት፤ «ይሄ የኔ ነው፣ አንተ መለዋወጫህን አምጣ» አሉት ተባለ።

አሁን ስደውልላት ስልኩ አይጮህም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል። መዳፍ ቢነሳም ባይነሳም ይበራል። እሷ ቀድማ አትደውልም፤ ምን እላለሁ ትላለች። የምደውለው እኔ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት።

ትናንት ከሰዓት ደወልኩላት። ባለቤቴ መስመር ላይ ነው፤ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ የክር ማጠንጠኛ እያላመጠች ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ወዲያው።

«ምንም። ጥርስ አወጣች።»

«የቱን?»

«የታችኛውን።»

«እሺ።»

የማታወሪ ከሆነ ልዝጋ አልኳት።

«ሥራ ይዘሻል?» አለችኝ።

«ቀሚስ እየሰፋሁ ነው።»

«ስፊ። ስልኩን ብቻ አትዝጊው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጥኩት። ልጅቷን አንስቼ እግሬ ሥር አስጠጋኋትና መርገጥ ጀመርኩ። ቀሚሱ እስኪያልቅ ከወዲያ በኩል ማንም አልተናገረም፤ መስመሩም አልተዘጋም።